ኮከቤ የማን ነበር?

እኛ አገር ኮከብ ሰማይ ላይ ብቻ አይቀመጥም። መሥሪያ ቤት ይገባል፣ ሠርግ ቤት ይገባል፣ ጓዳ ይገባል። ሠራተኛው ከአለቃው ጋር መግባባት ሲያቅተው «ምን ባደርግ ባደርግ ኮከባችን አልገጠመም» ይላል። በዓመት አራት የቤት ሠራተኛ የሸኙ እመቤት «የዚህ ቤት ኮከብ ሰው አያስቀምጥም» ይላሉ፤ ስለሚከፍሉት ደመወዝ ግን ትንፍሽ አይሉም። ሽማግሌው ባልና ሚስት ሲያደራድር ሦስት እሑድ ከርሞ፣ አልሆን ሲለው «ምን ይደረግ፣ ኮከባቸው ነው» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ይሄዳል። ማንም አልበደለም፣ ማንም አልተበደለም። ጥፋቱ የሰማይ ነው።

ይህን የምለው ለማላገጥ እንዳይመስላችሁ። እኔም አስቆጥሬያለሁ። ሃምሳ ብር ከፍዬ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጬ አስቆጥሬያለሁ። ይባስ ብሎ ደግሞ ተሳክቶልኛል። ችግሬም እሱ ነው። ባይሳካልኝ ኖሮ «ውሸት ነው» ብዬ በሁለት መስመር በተገላገልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ስምንት ዓመት ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት «በመዋቅር ለውጥ ምክንያት» የሚል ደብዳቤ ተሰጠኝ። ደብዳቤው አራት መስመር ነበር፤ አንዱን መስመር «ለሰጡት አገልግሎት እናመሰግናለን» ወስዶታል። ቤቴ ገባሁና ተኛሁ። ሰኔን ተኛሁ፣ ሐምሌን ተኛሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማሁ፣ ከሥራ የተቀነሰ ሰው ስንት ሰዓት መነሣት እንዳለበት አስባለሁ። ሁለት ሰዓት? አራት ሰዓት? ለምን?

ያን ክረምት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም ሚሌኒየም ይላል። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የታክሲው የኋላ መስታወት፣ ሁሉም ሁለት ሺህን ይቆጥራል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ለበዓሉ ተብሎ ትልቅ አዳራሽ ይሠራል። የተጣላ ይታረቅ፣ የተሰደደ ይመለስ፣ የወደቀ ይነሣ ይባላል። አሁን ሳስበው ለሰባ ምናምን ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ጊዜ ኮከብ ተቆጥሮ ነበር ማለት ነው፤ «መስከረም ሲጠባ ይቀናሃል» ተብሎ። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ «ቁጥሩ ከዘጠና ዘጠኝ ወደ ዜሮ ዜሮ ቢዞር ለእኔ ምን ይጨምርልኛል?» እል ነበር።

አንድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ጎረቤቴ ሽሮ በጎድጓዳ ሳሕን ይዘው ገቡ። አልጋዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መጋረጃውን ከፈቱት።

«ልጄ፣ ይሄ ያንተ ነገር ደኅና አይደለም። ተነሥ፣ አንድ አዋቂ ዘንድ እወስድሃለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ በዚህ አላምንም።»

«ማን እመን አለህ? ተነሥ ነው ያልኩህ!»

የታክሲውንም እሳቸው ከፈሉ።

መሪጌታው ቤታቸው ሽሮ ሜዳ ነው። እንደጠበቅኋቸው አልነበሩም። ጢስ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ማስፈራራት የለ። መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «የእናትህስ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ምላሴ ተያዘ።

ለማያውቅ ልንገር። የእኛ ኮከብ ቆጠራ እንደ ፈረንጁ የልደት ቀን አይጠይቅም። ፊደላችን ለየራሱ ቁጥር አለው። የአንተን ስምና የእናትህን ስም ፊደል በቁጥር ይደምራሉ፤ ከዚያ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያሉ ይገድፉና የተረፈችው ቁጥር ኮከብህ ናት። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ሠውር፣ ሦስት ጀውዛ እያለ ይሄድና አሥራ ሁለተኛው ላይ ሑት ይሆናል። የአባት ስም የማይጠየቀው ለምንድን ነው ብትሉ፣ አዋቂዎቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ እናት ትታያለች፣ አባት ይነገራል። (አባቶች ይቅርታ።)

የእኔ ችግር ታዲያ ሁለት እናት ነበረኝ። የወለደችኝና ያሳደገችኝ። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እማዬ የምለውም እሷን ነው። ከወለደችኝ ጋር ደግሞ በዚያ ጊዜ ስድስት ዓመት ሙሉ አንነጋገርም ነበር። ምክንያቱን እዚህ አልዘረዝረውም። የመሬት ነገር አለበት፣ የቃል ነገር አለበት። ብቻ መሪጌታው ብዕራቸውን አንሥተው ሲጠብቁኝ፣ አፌ የአክስቴን ስም ተናገረ። ማታለሌ አልነበረም። በልቤ እናቴ እሷ ናት።

ደመሩ፣ ገደፉ፣ አምስት ተረፈ። አሰድ!

«የአንበሳ ኮከብ ነህ። ጠባይህ እሳት ነው። ዘንድሮ ግን ተዳፍነሃል። መስከረም ሲጠባ ትነዳለህ። ከእንግዲህ የሰው ደጅ አትጥና፤ በእጅህ አንድ ነገር ጀምር። የተጣላኸው ሰው ካለ ታረቅ፤ አለበለዚያ በረከቱ ይያዝብሃል» አሉኝ። ጀርባዬን አንድ ነገር ሲነዝረኝ ይሰማኛል። የተጣላሁት ሰው እንዳለ በምን አወቁ? (ዛሬ ብትጠይቁኝ በእኛ አገር በሠላሳ ምናምን ዓመቱ የተጣላው ሰው የሌለ ኢትዮጵያዊ ካለ አሳዩኝ እላችኋለሁ። ያን ቀን ግን እንዲህ አላልኩም።)

ልነሣ ስል «ቆይ» አሉኝ። «አንዲት ጠቆር ያለች፣ አጠር ያለች፣ ደጅህን የምትረግጥ ሴት ትመቀኝሃለች። ተጠንቀቅ።»

ወጣሁ። ውጭ ጃንጥላ ይዘው የሚጠብቁኝ እትዬ ነበሩ። ጠቆር ያሉ፣ አጠር ያሉ፣ ደጄን የሚረግጡ።

እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሴትዮዋን ሸሸኋቸው። ሽሮውን «በልቻለሁ» ብዬ መለስኩት። በመስኮት አይቻቸው በሌላ በር ወጣሁ። ወደ አዋቂው የወሰደኝን ሰው አዋቂው ነጠቀኝ። እትዬ አንድም ቀን «ምን አደረግሁህ?» ብለው አልጠየቁኝም። በነሐሴ መጨረሻ ቡና አፍልተው በልጅ ላኩብኝ፤ ሄድኩ፤ የልጅ ልጃቸው ቅዝቃዜዬን አይቶ ነው መሰለኝ «ጋሼ ታመው ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ከሁለት ወዳጆቼ ተበድሬ፣ ያለችኝንም ጨምሬ፣ በዚያው መስከረም አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። በጥቅምት የወለደችኝን እናቴን ለመታረቅ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አለቀስን። ከዚያ በኋላ ሀብታም ሆንኩ ብላችሁ አታስቡ፤ ግን የቤት ኪራዬን ከፈልኩ፣ ዕዳዬን መለስኩ፣ በሌሊት መነሣት ጀመርኩ። እንግዲህ መሪጌታው ያሉት ሁሉ ሆነ ማለት አይደል? አሰድ ነደደ!

በሚቀጥለው ዓመት ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄጄ ቡና እየጠጣን ነገሩን አጫወትኳት። «በማን ስም አስቆጠርክ?» አለችኝ። እያፈርኩ ነገርኳት። ሲኒዋን አስቀመጠችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተሰበረ። ለካስ እሷም ከሥራ መውጣቴን ከሰው ሰምታ፣ በዚያው ክረምት እዚያው ደብረ ብርሃን አንድ አዋቂ ዘንድ ሄዳ በራሷ ስም አስቆጥራልኛለች። ስምንት ተርፎ። አቅራብ። ጠባዩ ውኃ። «ዘንድሮ አንድም አዲስ ነገር እንዳይጀምር፤ የጀመረው ሁሉ ውኃ ይበላዋል፤ ዓመቱን ተቀምጦ ያሳልፍ» ብለዋታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«በምን አፌ? ተኳርፈን አልነበር?» አለችኝ።

ይህን ነገር እስካሁን ድረስ ሳስበው ይደንቀኛል። ከእናቴ ጋር ባልጣላ ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ብትነግረኝ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ፣ ተኝቼ በከረምኩ። በደንቡ ትክክለኛው ኮከብ የእሷ ነበር፤ የወለደችኝ እሷ ናትና። እኔን ያስነሣኝ የተሳሳተው ነው። በሌላ ሰው ኮከብ ነው ሱቅ የከፈትኩት።

ከዚያ ወዲህ ነው ጉዳዩን መመርመር የጀመርኩት። አውደ ነገሥቱን ገዛሁ፤ መጽሐፍ አዟሪዎቹ ዘንድ አይጠፋም። መጀመሪያ ያየሁት ነገር ስሞቹን ነው። «የአባቶቻችን ምሥጢር» እያልን የምንኮራባቸው የአሥራ ሁለቱ ከዋክብት ስሞች ከሞላ ጎደል ዐረብኛ ናቸው። አሰድ አንበሳ ነው። ሸርጣን ሸርጣን ነው። ቀውስ ቀስት ነው፣ ደለዊ የውኃ መቅጃ፣ ሑት ዓሣ። ሚዛንማ ያው ሚዛን ነው፤ መርካቶ ቅቤ የሚመዘንበት። ዐረቦቹ ከግሪኮች ወሰዱት፣ ግሪኮቹ ከባቢሎን። እኛ ጋ ሲደርስ ቤተኛ ሆኖ ጫማውን አውልቆ ገባ። በዚህ አልከፋም፤ ስንቱ መልካም ነገር እንዲህ ተጉዞ መጥቷል። «ከሰማይ ለእኛ ብቻ የተሰጠ» ሲባል ግን ዝም አልልም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ አሳቀኝ። ኮከብ ቆጠራ እንለዋለን እንጂ መሪጌታው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሰማይ ቀና አላሉም። የሚቆጠረው ፊደል ነው። የፈረንጁ ቢያንስ ፀሐይ በተወለድክበት ቀን የት ነበረች ይላል፤ እሱም ቢሆን የምድር ዘንግ ሃያ ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ በሚፈጅ ዙሪት ስለሚዋልል፣ ከጥንቶቹ ግሪኮች ወዲህ ፀሐይና የኮከቦቹ ሥዕል አንድ ክፍል ያህል ተላልፈዋል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ «አንበሳ» የሚለው ሰውዬ ሰማይ ላይ ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ ሸርጣን ነው። በእኛው ቢቆጠር ደግሞ በእናቱ ስም ምናልባት ሑት ይወጣል። አንድ ሰው ሦስት ኮከብ፣ ሦስት ጠባይ፣ ሦስት ዕጣ! ታዲያ የቱን ይኑር?

የጋዜጣው ነገር ከተነሣ፣ ያ ዓምድ ዕድሜው ብዙ አይደለም። በነሐሴ 1930 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ልዕልት ማርጋሬት ስትወለድ ሰንደይ ኤክስፕረስ የተባለው ጋዜጣ ኔይለር የሚባል ኮከብ ቆጣሪ የሕፃኗን ዕጣ እንዲጽፍ አደረገ። አንባቢ ወደደው፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተባዛ። እኛም ጋ በ1990ዎቹ የመዝናኛ መጽሔት ሁሉ የመጨረሻ ገጹን ለእሱ ሰጥቶ ነበር። የማውቀው አንድ አዘጋጅ ያሳለፍነውን ወር ቆርጦ፣ የአንበሳውን ለሚዛን፣ የሚዛኑን ለዓሣ እያዘዋወረ እንደሚያወጣው ነግሮኛል። «አንባቢ ቅሬታ አቅርቦ ያውቃል?» አልኩት። «አንዴ» አለኝ፤ «የሠውርን ረስተን ዘለልነው፤ አሥራ ሰባት ሰው ደወለ።»

ለዚህ ለምን ቅሬታ እንደማይመጣ የሚያስረዳ ጥሩ ፈተና አለ። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ መጠይቅ ሰጠና ከሳምንት በኋላ «ይኸው የየግላችሁ ጠባይ» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ወረቀታቸውን አነጻጸሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር! ጽሑፉንም ያሰናዳው ከመንገድ ዳር ከተገዛ የኮከብ መጽሐፍ ነው። «አንዳንድ ጊዜ ተጫዋች ነህ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብቸኝነት ትወዳለህ» የሚባለው ዓይነት። ታዲያ ማን ነው ያልሆነ? እኔም አጎዛው ላይ ሆኜ ነጥብ ስጥ ብባል አምስት ከአምስት እሰጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ወዳጄ «እና ምን ጎዳህ? ተነሥተሃል፣ ታርቀሃል፣ ሠርተሃል፤ ውሸትም ቢሆን ጥሩ ውሸት ነው» ይለኛል። ይህን ክርክር በቀላሉ አላልፈውም፤ እውነት አለበትና። ሰው ሲወድቅ መልካም ቀን ይቆረጥለታል፤ ያች ቀን ትጎትተዋለች። ግን ክርክሩ የሚቆመው የእኔን ዕጣ ብቻ ስታዩ ነው። የእናቴን ወረቀት አምጡት። ያው መጽሐፍ፣ ያው አቆጣጠር፣ «ተቀመጥ» የሚል። ስንቱ ተቀምጦ ቀርቷል? የተሳካለት እንደ እኔ ጋዜጣ ላይ ያወራል፤ ተቀምጦ የቀረው ማን ዘንድ ሄዶ «ኮከቤ አስቀመጠኝ» ይላል?

የማውቃቸው ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ቀለበት ያሰሩ። የልጁ እናት ቀደም ብለው አስቆጠሩ፤ እሱ እሳት፣ እሷ ውኃ ሆኑ። «ታጠፋዋለች» ተባለ። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አንድ ቀን ሲጨቃጨቁ፣ ሁሉም እጮኛሞች በሠርግ ወጪ እንደሚጨቃጨቁት ማለቴ ነው፣ ያቺ ቃል ትዝ አለችው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጭቅጭቅ ማስረጃ ሆነ። ዝም ስትል ውኃ ናት፣ ስትናገር ውኃ ናት። በአራት ወራቸው ተለያዩ። እናትዬዋ ዛሬም «አላልኳችሁም?» ይላሉ። እኔ ኮከቡ ትክክል ነበር አልልም፤ ቃሏ ገብታ ሥራ ሠራች እንጂ። እሳትና ውኃ አብረው ካልዋሉ ደግሞ የትኛው ቤት ነው ወጥ የሚሠራው?

ከሁሉ የሚከፋብኝ ግን ያቺ «ጠቆር ያለች፣ አጠር ያለች» ናት። ልብ ብላችሁ ከሆነ በእኛ አገር ንባብ ውስጥ አዲስ ጅማሬ ብቻውን አይመጣም፤ ጠላት አስከትሎ ነው የሚመጣው። «ይቀናሃል» ከተባለ «ነገር ግን የቅርብ ሰው» ይከተላል። እስከ ዛሬ ያልተሳካልህ ለምንድን ነው? የሆነ ሰው ስላሰረብህ። እንዲህ ሲባል ደስ ይላል፤ ስንፍናህም፣ የመሥሪያ ቤትህ መዋቅርም፣ የገበያውም ነገር ይረሳና ጎረቤትህ ትቀራለች። ስንት ዕድር፣ ስንት ቡና፣ ስንት እህትማማችነት በዚህ ፈርሷል! ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥንቆላንና አስማትን አጥብቀው ሲዋጉ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ የቅጣታቸውንም ጭካኔ አላመሰግንም። ሆኖም ስለ እትዬ ሽሮ ሳስብ ትንሽ ይገቡኛል።

ስለ ሰማይና ስለ ቁጥር ካነሣን ግን አንድ ሌላ ዘመድ አለን፤ ከአውደ ነገሥቱ ጋር አብረው ሲጠሩ ይከፋኛል። ባሕረ ሐሳብ። እሱም ይደምራል፣ እሱም ይገድፋል። 2018ን ውሰዱ። ላዩ ላይ 5500 ጨምሩ፤ 7518። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ ሁለት ይተርፋል፤ ሁለት ማርቆስ ነው፣ ዘመነ ማርቆስ። 7518ንና 1879ን ደምራችሁ በሰባት ስትገድፉ ሦስት ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስተኛው ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ። በአሥራ ዘጠኝ ብትገድፉት አሥራ ሦስት ይተርፋል፤ አንዱን ተዉትና ወንበሩ አሥራ ሁለት ይሆናል። አበቅቴው አሥራ ሁለት፣ መጥቅዑ አሥራ ስምንት፤ ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው ሠላሳ ናቸው። ከዚያ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ደብረ ብርሃን ያለውም፣ ሽሮ ሜዳ ያለውም፣ ኢየሩሳሌም ያለውም መነኩሴ ቢያሰላው አንድ ነው የሚወጣው። የእናት ስም አያስፈልገውም። ባሕረ ሐሳብ ጾሙ የሚገባበትን ቀን ይነግርሃል፤ ብትጾም ምን እንደምታገኝ፣ ማን እንደሚመቀኝህ ግን አይነግርህም። ቀኑን ሰጥቶ ይተውሃል።

ታዲያ ያ ቀን ብቻውን ጉልበት አለው? አለው ባይ ነኝ። ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ሳለሁ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጳጉሜን ሲገባ ገበያው ይሞታል። ሰው ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ሲሆን ዝናቡ ጠበል ነው ብሎ ልጆቹን እርቃናቸውን ግቢ ያስሮጣል እንጂ ደብዳቤ አያስጽፍም። መስከረም ሁለት ሳምንት ሲሞላው ግን ወረፋ ነው። የሥራ ማመልከቻ፣ የማታ ትምህርት ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ ጥያቄ፣ ለውጭ አገር ዘመድ የሚላክ የይቅርታ ደብዳቤ። አንድ ሰውዬ አራት መስከረም ተከታትሎ ያንኑ የማታ ትምህርት ማመልከቻ አስጽፎኛል። በአራተኛው «ጋሼ፣ ያለፈውን ዓመት ቀኑን ብቻ ቀይሬ ላትምልዎት?» ብለው ተቆጣ። «እንደ አዲስ ጻፈው!» አለኝ። ጻፍኩለት። በዚያ ዓመት ገባ።

በ2014 እ.ኤ.አ. ዳይ፣ ሚልክማንና ሪስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ይህንኑ አሜሪካ ላይ አጥንተው አውጥተዋል። ሰው ስለ ምግብ ቅነሳ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው፣ ስፖርት ቤት የሚሄደው፣ ለራሱ ቃል የሚገባው በሳምንቱ መጀመሪያ፣ በወሩ መጀመሪያ፣ በአዲስ ዓመት፣ ከልደቱ በኋላ ይበዛል። (ከሃያ አንደኛው ልደት በስተቀር፤ በዚያ አገር መጠጥ የሚፈቀደው ያን ቀን ነው።) እንደነሱ አባባል ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲያገኝ ውድቀቱን ለትናንቱ ሰው አስረክቦ ይሻገራል። «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ አሸጋገረን» የምንለው ሰዎች ይህን በጥናት እስኪነግሩን መጠበቅ አልነበረብንም። ማሸጋገር እኮ ነው ቃሉ። ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ሲሻገር፣ ያሻገረውን ሰው እጅ ይይዛል እንጂ የኮከቡን ስም አይጠይቅም።

የእኔ እጅ የማን ነበር? ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ያበደሩኝ ሁለት ወዳጆቼ ነበሩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ መጋረጃውን የከፈቱት እትዬ። በ2003 ዓ.ም. ስለዚያ ሁለት ሳምንት ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አውቄዋለሁ» አሉኝ። «እንዴት?» አልኳቸው። «ለኔም ያው ነው ያሉኝ» አሉ፤ «ቀላ ያለ፣ ረዘም ያለ ጎረቤት ተጠንቀቂ።» እኔ ቀላ ያልኩ ረዘም ያልኩ ነኝ። «ታዲያ ለምን ሽሮ ያመጡልኝ ነበር?» ስላቸው «ርቦህ ነበራ!» አሉኝ። ካረፉ ስድስት ዓመት አለፋቸው።

አሁን በቅርቡ ደግሞ የሰፈራችን አንድ ወጣት አውደ ነገሥቱ እንዳለኝ ሰምቶ መጣ። ፀጉር ቤት ሊከፍት ነው። ቀኑን ማወቅ ይፈልጋል። «እስቲ ጋሼ፣ በናትዎ ይቁጠሩልኝ» አለኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ መጽሐፉን አወረድኩ፣ ብዕር አነሣሁ፣ ስሙን ጻፍኩ። «የእናትህስ?» አልኩት። ዝም አለ። የሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደገው። የእናቱን ስም ያወቀ ሰው የለም።

ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። ይህ ልጅ ታዲያ ኮከብ የለውም? አሳዳጊዋን ልበለው? ዝም ብዬ አንድ ስም ልፍጠርለት? በውሸት አሰድ ላድርገው? እኔስ በማን ነው የሆንኩት? እሱ ግን እኔን እስኪጨንቀኝ አልጠበቀም። «ግድ የለም ጋሼ፣ ኪራዩ የሚጀምረው የካቲት 1 ስለሆነ ያን ቀን ልክፈት» አለና ሄደ።

የካቲት 1 ቀን ከፈተ። ሄድኩለት። የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ። መስታወቱ አዲስ ነው፣ ወንበሩ የተገዛ ያገለገለ ነው፣ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ ጆሮዬ በኩል አሳጥሮታል፤ እስኪያድግ ኮፍያ አደርጋለሁ።